ተስፋ የመቁረጥ ፈተና፦ ክርስትና እንዴት ያየዋል?

«በቃኝ» ማለት በክርስትና ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። ነቢያት ብለውታል። በበረሃ ዕድሜያቸውን የጨረሱ መነኮሳትም ብለውታል። ጸሎት ሳይመለስ ሲቀር፣ ሕመም ሲረዝም፣ አገልግሎት ፍሬ አልባ ሲመስል፣ ወይም ኑሮ እንዲሁ ሲሰለች ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ስሜት የምትቆጥረው እንደ ፈተና ነው። ፈተና ስለሆነም መምጣቱ ብቻውን ኃጢአት አይባልም። ጥያቄው ሰውየው ሲመጣበት ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ከጥርጣሬ ጋር ያምታታዋል። የሚጠራጠር ሰው «እግዚአብሔር አለ ወይ?» ይላል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ግን መኖሩን ላይክድ ይችላል። «አለ፤ ለእኔ ግን ምን ፈየደልኝ?» ነው የሚለው። ስለዚህ ክርክር ብዙም አይረዳውም። በዘመናት የተከማቸውን ምክር ያገላበጠ ሰው የሚገርመው ይኸው ነው፤ ማስረጃና ሙግት ጥቂት ነው። ወሬው ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እጅ ሥራና ስለ ጓደኛ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ጊዜ። ፈተናው ጊዜን ይለጥጣል፤ ምክሩ ያሳጥራል። ይህን ክር ይዞ የሄደ ሰው የተበታተነ የሚመስለውን ትምህርት በቀላሉ ያገኘዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክትክታው ዛፍ ሥር

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የዚህ ፈተና ዋና ታሪክ የኤልያስ ነው፤ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ይገኛል። ኤልያስ ተስፋ የቆረጠው ተሸንፎ አይደለም። በቀርሜሎስ ተራራ የበኣልን ነቢያት ካሸነፈ በኋላ ነው። ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች፤ ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያው ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። «ይበቃኛል» አለና ሞትን ለመነ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።

ተግሳጽ አልመጣበትም። መልአክ ነካ አድርጎ ቀሰቀሰውና ብላ አለው። ራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛም መጣ። አሁንም ብላ፤ መንገዱ ሩቅ ነው አለው። በዚያ ምግብ ብርታት 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው እዚያ ነው፤ ከበላና ከተኛ በኋላ። ኤልያስም ብሶቱን ዘረገፈ። ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት አለፉ፤ በመጨረሻ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። ያው ጥያቄ ሲደገምለት ያንኑ ብሶት ቃል በቃል ደገመው! ከዚያ ቀላል ነገር ሆነ፤ ሥራ ተሰጠው። ከሚቀባቸው ሰዎች አንዱ ምትኩ ኤልሳዕ ነው። «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» ላለውም ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው። ከዚህ ምዕራፍ ሰባኪዎች አብዝተው የሚያነሡት ዝግ ያለውን ድምፅ ነው። እንጎቻው ተዘሏል ባይ ነኝ።

ሌሎችም አሉ። ሙሴ በዘኍልቍ 11 «ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም» ብሎ ሞትን ሲመርጥ የተሰጠው መልስ 70 ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሸክሙን የሚካፈሉ ሰዎች። ኤርምያስ የተወለደባትን ቀን ረግሟል። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4 «ተስፋ አንቆርጥም» ብሎ የጻፈው፣ በዚያው ደብዳቤ ምዕራፍ 1 ላይ በእስያ ከደረሰበት መከራ የተነሣ ስለ ሕይወቱ እንኳ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ከተናገረ በኋላ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ «አንቆርጥም» የሚለው ቃል ፉከራ መሆኑ ይቀራል።

መዝሙር 88 ደግሞ ለብቻው ይታይ። አብዛኞቹ የሐዘን መዝሙሮች በምስጋና ይዘጋሉ። ይህኛው በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። መጽሐፉን ያሰባሰቡት ሰዎች አላወጡትም፤ በመጨረሻው ላይ አንድ የምስጋና ስንኝ እንኳ አልቀጠሉለትም። በጸሎት መሐል ማማረር የሚፈቀድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

የቀትር ጋኔን

ጉዳዩን እንደ ሐኪም ቁጭ ብለው ያጠኑት በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖሩ መነኮሳት ናቸው። ከነሱም ኤቫግሪየስ ዘጶንጦስ (345 ገደማ–399) ቀዳሚው ነው። በቁስጥንጥንያ የታወቀ ዲያቆን ነበር። ኋላ በኒጥርያና ኬሊያ በተባሉ የመነኮሳት ሰፈሮች ኖረ። ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ከሁሉ ከባዱ ያለው በግሪክ «አኬዲያ» የሚባለውን ነው፤ መሰልቸት፣ መዛልና ሁሉን ጥሎ ለመሄድ መፈለግ አንድ ላይ። ከመዝሙር 91 ወስዶም «የቀትር ጋኔን» ብሎታል።

ገለጻው ዛሬም ያስቃል፤ ያስደነግጣልም። ፈተናው ከ4 ሰዓት ገደማ ይጀምርና እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። (የሰዓት አቆጣጠሩ ልክ እንደኛ ስለሆነ መቀየር አያስፈልግም።) ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች። ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ይሆናል። መነኩሴው በመስኮት ያያል፤ ይወጣል፤ የምግብ ሰዓት የሆነው 9 ሰዓት ምን ያህል እንደቀረው ፀሐይዋን ይለካል። ማንም ወንድም ሊጠይቀው አይመጣም። ሰሞኑን ያስቀየመው ሰው ትዝ ይለዋል። ቦታው ያስጠላዋል፤ የእጅ ሥራውም። ሌላ ቦታ ቢሄድ ኑሮ ይቀለዋል፤ ደግሞስ እግዚአብሔር የትም ይመለካል አይደል? ቀጥሎ ቤተሰቡን ያስባል። በመጨረሻም ከፊቱ የተዘረጋውን ረጅም ዕድሜ ያያል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውየውን የሚሰብረው የዛሬው ሥራ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት የሚመጣ ያው ሥራ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ቦታህን አትልቀቅ። ሁለተኛ፣ አልቅስ። ሦስተኛ፣ ነፍስህን ለሁለት ክፈላት፤ አንዷ ሌላዋን ታጽናናት። ለዚህም «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለውን የመዝሙር 42 ቃል ይሰጣል። አራተኛው ኤቫግሪየስ ከመምህሩ የሰማው ምክር ነው፤ ነገ እንደሚሞት ሰው ኑር፣ ሰውነትህን ግን ብዙ ዓመት እንደሚኖር ሰው ያዘው። ማለትም ጾሙንና ትጋቱን ከልክ አታሳልፍ። ከትግሉ በኋላ ጥልቅ ሰላምና ደስታ እንደሚመጣም ጽፏል።

ሌሎቹ የበረሃ አባቶች ትምህርቱን በአጫጭር ታሪኮች ነው የተዉት። አባ እንጦንስ በዚህ ፈተና ተይዞ ምን ላድርግ ብሎ ሲጸልይ፣ እሱን የሚመስል ሰው አየ። ሰውየው ተቀምጦ ገመድ ይሠራል፤ ተነሥቶ ይጸልያል፤ እንደገና ተቀምጦ ይሠራል። እንዲህ አድርግና ትድናለህ ተባለ። አባ አርሳንዮስ ደግሞ መጾምም መሥራትም አቃተኝ፣ ሄጄ ሕመምተኛ ልጠይቅ ላለው መነኩሴ የሰጠው መልስ እንግዳ ነው፤ ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፣ ሥራም አትሥራ፣ ብቻ ከበኣትህ አትውጣ። ሕመምተኛ መጠየቅ መልካም ሥራ ነው። አርሳንዮስ ግን መልካሙ ሥራ የማምለጫ ሰበብ መሆኑን ነቅቶበታል።

በጣም የሚገርመኝ ግን መነኩሴው ዮሐንስ ካሲያን (360 ገደማ–435) የተረከው የአባ ጳውሎስ ታሪክ ነው። ይህ አባት ከከተማ የሰባት ቀን መንገድ ርቆ ይኖር ነበር። የእጅ ሥራውን ገበያ ቢያወጣው ማጓጓዣው ከዋጋው ይበልጥበታል። እሱ ግን በየቀኑ የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ እንደሚሸጥ ሰው የተመደበውን ያህል ይሠራል። ዋሻው ሲሞላ፣ በዓመቱ፣ ሁሉንም ያቃጥለዋል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በዘመናችን አስተሳሰብ ዕብደት ነው። ለእሱ ግን ሥራው የሚሸጥ ዕቃ ማምረቻ አልነበረም፤ ቀኑን በቀንነቱ የሚይዝበት መንገድ ነበር።

ከበረሃ ከወጣ በኋላ

ካሲያን ይህን ትምህርት ወደ ምዕራብ አሻገረው። የሮሙ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ (በመንበሩ 590–604) የስምንቱን ሐሳቦች ዝርዝር ሲያስተካክል አኬዲያን ከሐዘን ጋር ቀላቀለው። ኋላ ነገሩ ወደ ተራ «ስንፍና» ወረደና ብዙ ነገር ጠፋበት። በደብረ ሲና የኖረው ዮሐንስ ክሊማኮስ ግን «መሰላል» በተባለው መጽሐፉ ካሉት 30 እርከኖች 13ኛውን ለዚሁ ፈተና ሰጥቶታል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጉዳዩ እንደገና ነፍስ ዘራ። ካቶሊካዊው ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ በ1522 ማንሬሳ በምትባል ከተማ በጸሎት ሳለ አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ይህን ኑሮ እስከ ሰባ ዓመት እንዴት ልትችለው ነው? መልሱ ስል ነበር። አንድ ሰዓት እንደምኖር ልታረጋግጥልኝ ትችላለህ? ሲል ጠየቀው። ልክ የኤቫግሪየስ ጋኔን ነው፣ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን። ያም ሆኖ ነገሩ በአንድ መልስ አላበቃም፤ እዚያው ማንሬሳ ራሱን ለማጥፋት እስከ መፈተን ደርሷል። ኋላ ካስቀመጣቸው ደንቦች ታዋቂው ከዚህ ልምድ የወጣ ነው። በጨለማ ሰዓት ውሳኔህን አትለውጥ፤ በብርሃን ጊዜ የወሰንከውን ይዘህ ቆይ ይላል።

በሌላው ወገን የፕሮቴስታንቶቹ መሪ ማርቲን ሉተር በ1530 በሐዘን ለተዋጠው ለጄሮም ዌለር ጽፏል። ብቻህን አትሁን፣ ከሰው ተጫወት፣ ቀልድ፣ ጠጣ አለው። ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በብዙ ነገር ባይስማሙም እዚህ ላይ ከበረሃ አባቶች ጋር አንድ ሠፈር ናቸው። በ1793 ሕንድ የደረሰው ሚሲዮናዊ ዊሊያም ኬሪ የመጀመሪያውን ሂንዱ አማኝ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። በ1812 ማተሚያ ቤቱ ከነትርጉም ሥራዎቹ ተቃጠለ፤ ሥራውን ግን እንደገና ጀመረ። እናት ቴሬዛም በ2007 በታተሙት ደብዳቤዎቿ ለአሥርት ዓመታት በጸሎት ውስጥ ባዶነት ብቻ ይሰማት እንደነበር ታይቷል። ብዙ ሰው ደነገጠ። የመዝሙር 88 አንባቢ ግን መደንገጥ አልነበረበትም።

ዛሬ አሠራሩ እንደየቤተ ክርስቲያኑ ይለያያል። ኦርቶዶክሳዊው የንስሐ አባቱ ጋ ይሄዳል፤ ዳዊት ይደግማል፤ የሰዓታቱን ሥርዓት ይይዛል። ካቶሊኩም መንፈሳዊ መሪና የሰዓት ጸሎት አለው። ፕሮቴስታንቱ የጸሎት ቡድን፣ ምስክርነትና የቃል ጥናት አለው። ሦስቱም ጋ ሰውየው በራሱ ስሜት ላይ ብቻ እንዳይቆም የሚይዙት ሌሎች ሰዎችና ሌሎች ቃላት አሉ። ስሜት ሲነጥፍ የተጻፈ ጸሎት ማንበብ ግብዝነት ነው የሚሉ አሉ። በእኔ እይታ ለዚያ ቀን ነው የተጻፈው።

ጽናት ያልሆነ ነገር

በዚህ ትምህርት ስም ብዙ ጥፋት ይሠራል። «ተስፋ አትቁረጪ፣ ጽኚ» ተብላ ከሚደበድባት ባል ጋር የምትቀር ሴት አለች። ይህ የበረሃው ምክር አይደለም። ኢየሱስ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን በአንዲት ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላዪቱ ሽሹ ብሏል። ጳውሎስም ከደማስቆ በቅርጫት በግንብ ወርዶ አምልጧል። ሌላው ደግሞ ትንሽ ከጠበቅህ በረከቱ ይፈነዳል የሚለው ስብከት ነው። ኤልያስ የተሰጠው የዕለት ምግብ ነው። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» የሚለው ጸሎትም ከዚያ አያልፍም።

የድብርት ሕመም ሌላ ጉዳይ ነው። አኬዲያ ከድብርት ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። ሳምንታት ያለፈው ሐዘን፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ የመሞት ሐሳብ ሲኖር ሐኪም ያስፈልጋል። የመሞት ሐሳብ የመጣበት ሰው ሳይውል ሳያድር ለሚያምነው ሰው መንገርና ወደ ሕክምና መሄድ አለበት፤ ብቻውንም መተው የለበትም። ጸሎት ይህን አይከለክልም። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስም ከባድ የሥነ ልቦና መታወክ ራሱን ያጠፋን ሰው ተጠያቂነት እንደሚቀንስ ገልጾ፣ ስለነዚህ ሰዎች መዳን ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ ጽፏል።

እጅ ሰጥተው የሄዱትስ? ይህ ጥያቄ የተነሣው ገና በማለዳ ነው። በ250 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ ሁሉም ሰው ለአማልክት ሠውቶ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ብዙ ክርስቲያን ሠዋ፤ ሌላው ወረቀቱን በገንዘብ ገዛ። ስደቱ ሲበርድ ብዙዎቹ እንመለስ አሉ። የሮሙ ካህን ኖቫትያን ከእንግዲህ አይቀበሏቸውም ብሎ ተገነጠለ። የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ ግን ከንስሐ በኋላ ይመለሱ አለ፤ በ251 በካርታጎ የተሰበሰበው ጉባኤም በዚህ ተስማማ። በ325 የኒቅያ ጉባኤ በንጉሠ ነገሥት ሊኪንዮስ ዘመን ሳይገደዱ የካዱትን ሲያይ ረጅም መንገድ ሰጣቸው። 3 ዓመት ንባቡን ብቻ ከሚሰሙት ንስሐ ገቢዎች ጋር፣ 7 ዓመት በንስሐ ከሚሰግዱት ጋር፣ 2 ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ ከምእመናኑ ጋር በጸሎት። በድምሩ 12 ዓመት መሆኑ ነው። ሊሞት የቀረበ ሰው ግን፣ ንስሐውን ባይጨርስም፣ ቁርባን እንዳይከለከል 13ኛው ቀኖና ደንግጓል።