የረጅም ርቀት ትራያትሎን ልምምድ በሰመር ሙቀት

ረጅሙ ትራያትሎን ሦስት ስፖርት በአንድ ቀን ነው። መጀመሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ ቀጥሎ 180 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ በመጨረሻ 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ። አዎ፣ ሙሉ ማራቶን። በመሃል እረፍት የለም። ልብስና ጫማ የሚቀየርበት ደቂቃ እንኳ ከሰዓቱ ጋር ይቆጠራል። የዚህ ርቀት ታዋቂ ውድድር አይረንማን ይባላል። በአብዛኞቹ የአይረንማን ውድድሮች የሚሰጠው ጊዜ 17 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሰው እንደ ጨረሰ አይመዘገብም። ግማሹም አለ፦ 1.9 ዋና፣ 90 ሳይክል፣ 21.1 ሩጫ። ሥራና ልጆች ላሉት ሰው ይህኛው ይበልጥ ያዋጣል ባይ ነኝ። ሰሚ ግን ብዙም የለኝም።

በዚህ ስፖርት እንጀራቸውን የሚያበስሉ ፕሮፌሽናሎች ጥቂት ናቸው። መነሻውን የሚሞላው ነርሱ፣ የሂሳብ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ጡረተኛው ነው። እነዚህ አማተሮች በአምስት አምስት ዓመት በተከፈለ የዕድሜ ምድብ ይወዳደራሉ። ብዙዎቹ ከራሳቸው ሰዓት ጋር እንጂ ከማንም ጋር አይፎካከሩም።

ልምምዱ ሰመር ላይ የሚከማቸው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ስፖርቱ በዚህ ርቀት የተጀመረው በፌብሩዋሪ 1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሃዋይዋ የኦዋሁ ደሴት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ በደሴቷ ላይ ለየብቻ ይካሄዱ የነበሩ ሦስት ውድድሮችን ገጣጠሟቸው። እነሱም የዋይኪኪ ዋና፣ የደሴቷ ዙሪያ ሳይክልና የሆኖሉሉ ማራቶን ናቸው። 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ። ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ አሸነፈ። ውድድሩ በ1981 እዚያው ሃዋይ ውስጥ በሌላ ደሴት ወዳለችው ኮና ተዛወረ። በ1982 ደግሞ ሁለት ጊዜ ተካሄደ፤ አንዴ በፌብሩዋሪ፣ አንዴ በኦክቶበር። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ኦክቶበር ላይ ጸና። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከቀዝቃዛ አገር የሚመጣ ሰው ለፌብሩዋሪ ውድድር በበረዶ ውስጥ መዘጋጀት ነበረበት። ኦክቶበር ሲሆን ግን ሰመሩን በሙሉ ውጭ ይለማመዳል። ዛሬም በሰሜኑ የዓለም ክፍል ብዙ አማተር ከሜይ እስከ ኦገስት ለፍቶ ወደ መጸው ሲቃረብ ይወዳደራል።

ነገሩን በአንድ አካባቢ ማየት ይሻላል። ዋሽንግተን ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን እንውሰድ። ብዙ የእኛ ሰው ይኖርበታል፤ ወበቁንም አንድ ሰመር ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በአቅራቢያው ያለችው የሜሪላንዷ ኬምብሪጅ ሁለት ውድድር ታስተናግዳለች። በጁን ኢግልማን የሚባለው ግማሹ ርቀት አለ፤ በሙቀቱ የታወቀ ነው። ሙሉው አይረንማን ሜሪላንድ በ2014 ተጀመረ፤ በቅርብ ዓመታት ሴፕቴምበር ላይ ይካሄዳል። ዋናው በቾፕታንክ ወንዝ ነው። ሳይክሉ በብላክዋተር የዱር አራዊት መጠለያ ረግረግ መሃል ያልፋል። መንገዱ ሜዳ ነው። ሜዳ ሲባል ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖራል። ቁልቁለት በሌለበት ግን እግር የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ወገብም ለሰዓታት እንደ ጎበጠ ይቀራል። ነፋሱም አለ።

የአማተሩ ሳምንት እንደ ሰዉ ቢለያይም ከ8 እስከ 15 ሰዓት ልምምድ ይይዛል። በሥራ ቀን አጫጭሩ፣ በሳምንት መጨረሻ ረጅሙ። ቅዳሜ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሳይክል፣ እሑድ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሩጫ የተለመደ ነው። ከሳይክል ወርዶ ወዲያው መሮጥ ደግሞ ለብቻው ይለመዳል፤ ልማደኞቹ ብሪክ ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አስቂኝ ናቸው። እግሩ የራስ አይመስልም። በዲሲ አካባቢ ለሳይክሉ ሄይንስ ፖይንት አለ፣ ከአርሊንግተን እስከ ፐርስልቪል 72 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ደብሊው ኤንድ ኦ ዲ የሚባለው የእግረኛና የሳይክል መንገድም አለ። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ጥላም አለው። ግን ቅዳሜ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ በሕፃናት፣ በውሻና በጋሪ ስለሚሞላ ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ገና ሳይነጋ ይወጣል።

ሳይነጋ የሚወጣበት ሌላው ምክንያት ሙቀቱ ነው። በጁላይ የዋሽንግተን የቀን ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ ይደርሳል። ችግሩ ግን ከቁጥሩ ይልቅ እርጥበቱ ላይ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩቡ ያህል ቢሆን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህን ሙቀት የሚያስወግደው ላብ ነው፤ ላብ የሚያቀዘቅዘውም ሲተን ብቻ ነው። በወበቅ ጊዜ አየሩ ራሱ ውሃ ስላዘለ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል። ሰውየው ውሃውን ያጣል፣ ቅዝቃዜውን ግን አያገኝም። ንጋት ላይ መውጣት ከፀሐይ ያድናል። ከእርጥበት ግን አያድንም፤ እንዲያውም አየሩ በጣም የሚረጥበው ማለዳ ላይ ነው።

በዚህ መሃል ልብ ሁለት ጌታ ይኖራታል። ጡንቻው ደም ይፈልጋል። ቆዳውም ሙቀቱን ለማስወጣት ደም ይፈልጋል። በላብ ምክንያት የደሙ ፈሳሽ እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ያንሳል። ስለዚህ በፍጥነት ትመታለች። ውጤቱ የእጅ ሰዓቱ ላይ ይታያል። በሜይ አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ ይሮጥ የነበረ ሰው በጁላይ በዚያው የልብ ምት ስድስት ከአርባ ቢሮጥ የሚገርም አይደለም። ሰውየው ግን ይደነግጣል። ወራት ለፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩ ይላል። ብዙ ጀማሪ ልምምዱን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የሜይን ፍጥነት በግድ ለመመለስ ይታገላል። ከዚያ እንቅልፉ ይበላሻል፣ ጠዋት ሲነሣ የልብ ምቱ ከወትሮው ከፍ ይላል፣ በትንሽ ነገር ይነጫነጫል፣ ጉንፋን አይለቀውም። ያን ጊዜ መድኃኒቱ እረፍት ነው። ሌላ ልምምድ አይጨመርበትም።

ደግነቱ ሰውነት ይማራል። በሙቀት ውስጥ በየቀኑ ለዘብ ያለ ልምምድ የሚያደርግ ሰው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይለወጣል። የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል። ላቡ ቶሎ ይጀምራል፣ መጠኑም ይበዛል፤ በላቡ የሚወጣው ጨው ደግሞ ይቀንሳል። የልብ ምቱ ይረጋጋል። በጁላይ የዘገየው ሩጫ ሥራ ሲሠራ የነበረ መሆኑ የሚታወቀው አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። በኦገስት መጨረሻ አንድ ደረቅ ጠዋት ይመጣል፤ ያው ሰው በዚያው የልብ ምት ሳይታወቀው ይፈጥናል። ለውጡ ግን ቋሚ አይደለም። ሙቀቱን የራቀ ሰው በጥቂት ሳምንታት ያጣዋል። ሰመሩን ሙሉ ኤሲ ባለበት ጂም የሮጠ ሰው ሞቃት ውድድር ላይ የሚንገዳገደው ለዚህ ነው።

የመጠጥ ነገር ብዙ ተረት አለበት። ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሁለት ሊትር ሊያልበው ይችላል፤ ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መጠን የለም። ቀላሉ ዘዴ ሚዛን ነው። ከልምምድ በፊትና በኋላ ራቁት መመዘን፤ የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ነው፣ በመሃል የተጠጣው ይደመርበታል። ውሃ አለመጠጣት እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል። አብዝቶ መጠጣትም እንደሚገድል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለሰዓታት ባዶ ውሃ የሚጋት ሰው በደሙ ያለው ሶዲየም ይሳሳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም መንዘፍዘፍ ይከተላል። ከሙቀት ምት (ሂት ስትሮክ) ጋር ይመሳሰላል። በሙቀት ምት ጊዜ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፣ ሰውየው ይቃዣል። እዚያ ላይ ወሬ የለም። አምቡላንስ እየተጠራ እያለ በበረዶ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው። ቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ ይላሉ ሐኪሞች።

ምግቡ ስኳር ነው ማለት ይቻላል። በረጅም ሳይክል ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ሙቀት ላይ ጨጓራ ደም ስለሚቀነስበት ያን ያህል ስኳር አልቀበልም ይላል፤ ስለዚህ ሆድም እንደ እግር ቀስ በቀስ ይለማመዳል። ጄል የሚባለው የታሸገ የስኳር ልቁጥ የሰለቸው በሶ በጥብጦ ይይዛል። ቤት ውስጥ ግሩም ነው። ሳይክል ላይ ግን ወፍራም ከሆነ የጠርሙሱን አፍ ይደፍናል፣ በፀሐይም ቶሎ ይኮመጥጣል።

ለኦርቶዶክስ ተከታዮች አንድ ሌላ ነገር አለ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21። የሴፕቴምበር ውድድር የያዘ ሰው ከባዶቹ ሳምንታት እዚያው ላይ ይወድቁበታል። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ፍራፍሬው ለዚህ ስፖርት የተመቸ ነው። የሚከብደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይሉ መዋሉ ነው። አንዳንዱ ልምምዱን ወደ ማታ ያዞራል። ሌላው የንስሐ አባቱን ያማክራል። በኦገስት ወበቅ ያለ ውሃ አምስት ሰዓት ሳይክል መንዳት ግን ጾምም ልምምድም አይሆንም።

ዋናው በዲሲ የራሱ ጣጣ አለው። በከተማው ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ መዋኘት ከ1971 ጀምሮ በብክለት ምክንያት ተከልክሏል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ገንዳ ውስጥ ይለማመዳል። ገንዳ መስመር አለው፣ ግድግዳ አለው። ቾፕታንክ ውስጥ ሁለቱም የሉም፤ ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ክንድ እንኳ አይታይም። በየጥቂት ቀዘፋው ቀና ብሎ ቡዩን (መስመሩን የሚያሳየውን ተንሳፋፊ ምልክት) መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን ያልለመደ ሰው ቀጥታ የሄደ እየመሰለው ዞሮ ይዋኛል፣ ርቀቱም ይረዝምበታል። ወደ ሐይቅ የሚሄዱም አሉ። በቨርጂኒያው ሌክ አና ግን በአንዳንድ ሰመሮች በአልጌ የተነሣ አትግቡ የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጄሊፊሽ ይናደፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ ይመጣል፤ ገንዳም ቢሆን ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ይዘጋል።

የዌትሱት (የዋናተኛ የጎማ ልብስ) ሕግም ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። በአይረንማን ውሃው እስከ 24.5 ዲግሪ ከሆነ አማተር ዌትሱት መልበስ ይችላል። ከዚያ እስከ 28.8 ድረስ የለበሰ መዋኘት ይፈቀድለታል፣ ሽልማት ግን የለውም። ከ28.8 በላይ ክልክል ነው። ዌትሱቱ ሰውን ስለሚያንሳፍፍ ደካማ ዋናተኞች በውድድሩ ሳምንት የውሃውን ሙቀት እንደ ዶላር ምንዛሪ ይከታተላሉ።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከመደራረብ ይመጣል። የጉልበት ጎን፣ የእግር መዳፍ፣ ከተረከዝ በላይ ያለው የአኪሊስ ጅማት። ብዙ የማይወራለት ደግሞ የመቀመጫ ቁስል ነው። ላብና ጨው በአምስት ሰዓት ውስጥ ጭንን ይልጣሉ፤ ቫዝሊን ሳይዙ መውጣት አይመከርም። ቤት ውስጥ ያለው ቅሬታ ግን በቅባት አይለሰልስም። ሰመር የሰርግ፣ የልጆች እረፍትና የሽርሽር ወቅት ነው። ቅዳሜ ሳይነጋ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ የሚመለስ ሰው ሶፋ ላይ ይወድቃል፣ ማታም ከሁሉ ቀድሞ ይተኛል። ባለቤቱ ወይም ባለቤቷ ብቻቸውን ልጅ ሲያሯሩጡ ይውላሉ። እኔ እንደማየው ልምምዱን ከሚያቋርጡት ብዙዎቹ የሚያቆሙት በጉልበታቸው ሳይሆን በዚህ ነው። ቀድሞ ከቤተሰብ ጋር ካሌንደር ዘርግቶ መነጋገር ከውድ ሳይክል ይጠቅማል።

በሌሎች አገሮች ወቅቱ ይገለባበጣል። በዱባይ ሰመር ላይ ውጭ የሚለማመድ ሰው ከንጋት በፊት አል ቁድራ ያለውን የሳይክል መንገድ ይይዛል፤ ሌላው ቤት ውስጥ ትሬነር ላይ፣ ማለትም ሳይክሉን ባለበት በሚያስነዳ መሣሪያ ላይ ይፈጫል። ውድድሮቹ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። በእስራኤል የሚታወቀው እስራማን ኤላት ላይ በጃንዋሪ ስለሚካሄድ ሰመሩ መሠረት የሚጣልበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጁላይ ዝናብና ብርድ ነው፤ ከፍታው ሰውነትን ለሳሳ አየር ያለማምዳል፣ ሙቀቱን ግን አያስለምድም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንደ ዱባይ ባሉ የዓረብ ባሕረ ሰላጤ ከተሞች የሚወዳደር ሰው ቀደም ብሎ መድረስ ይኖርበታል።

ከውድድሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀር ልምምዱ ይቀንሳል። ሰውነት የሚጠገንበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ግን ይጨነቃል፤ እግሩ ይከብደዋል፣ የሌለ ሕመም ይሰማዋል፣ አንድ ረጅም ሩጫ ልጨምር ይላል። በዚህ ጊዜ የሚጨመር ሩጫ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ወቅቱ የአውሎ ነፋስም ወቅት ነው። በ2015 ዋኪን የተባለው ሄሪኬን ባመጣው ጎርፍ ሰበብ አይረንማን ሜሪላንድ በሁለት ሳምንት ተራዝሟል፤ ሰመሩን ሙሉ ለአንድ ቅዳሜ የተዘጋጀ ሰው ፕሮግራሙን እንደገና መከለስ ነበረበት። ኬምብሪጅ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሆቴሉም ቶሎ ይሞላል። ክፍል ሲያዝ ገንዘቡ የሚመለስ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።