"ጠብቅ፣ ይረክሳል" የሚሉህን አትስማቸው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን አስር አመት ሊሞላኝ ነው። ቤቱ ለፎቶ፣ ለፊልም ወይ ለካሜራ ቅጂ ማስቀመጫ ትንሽ ሰርቨር (ሌት ተቀን በርቶ ፋይል የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር) መገጣጠም የፈለገ ሰው ይመጣል፣ አንድ ሰአት ሙሉ ያማክረኛል፣ ከዛ ሄዶ የሚሰራው የጎረቤቱን ምክር ነው። ምክሩ ደግሞ ሁሌም ያው ነው፦ "አሁን አትግዛ፣ ኤሌክትሮኒክስ እያደር ይረክሳል።"

አይረክስም! እሺ በዶላር ሊቀንስ ይችላል፣ እኔና አንተ ግን የምንከፍለው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አንድ ጠባሴ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ የሚሰራ ወጣት ደንበኛ ነበረኝ፣ ሰኔ ላይ አብረን አዲስ አበባ ወርደን ዋጋ ጠይቀን ብሩ ኪሱ ውስጥ እያለ "ጋሼ ክረምቱ ይውጣ፣ ያኔ ይቀንሳል" ብሎኝ ተመለስን። መስከረም ላይ ስንሄድ ያ ብር ሃርድ ዲስኮቹን ብቻ ነው የገዛው፣ ማሽኑ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ በዶላርም ቢሆን ሁሌ አይቀንስም። በፈረንጆቹ 2011 ታይላንድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች ቆመው ዋጋው አለም ላይ ሰማይ ወጣ። በእኛ 2018 መጀመሪያ ወራት ደግሞ ተራው የራም (ኮምፒውተሩ ሲሰራ የሚጠቀምበት ሚሞሪ) ሆነ፣ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ሚሞሪውን እየጠራረጉ ስለወሰዱት ዋጋው በጥቂት ወር ከእጥፍ በላይ ዘለለ፣ ጭራሽ ሚሞሪ አምራቹ ማይክሮን ኅዳር ላይ ክሩሻል የሚለውን ለተራ ሰው የሚሸጥበትን ምርት እተወዋለሁ አለ። እና "ራሙን ወደፊት እጨምርበታለሁ" ብሎ በ8 ጊጋ የጀመረ ሰው አሁን ያለቅሳል።

ታዲያ መቼ ይገዛ? ስራው ሲኖርህ። ሃርድ ዲስክህ ሞልቶ የልጅህን ክርስትና ፎቶ ለመጫን የሌላ ፋይል እያጠፋህ ከሆነ ጊዜው ዛሬ ነው። ምን እንደምትጭንበት ካላወቅክ ግን ቅናሽም ቢሆን አትግዛ፣ አቧራ ነው የሚጠጣው።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ "ብር በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ እቃ እየገዛሁ ላጠራቅም" የሚለው ነው። ብልህነት ይመስላል አይደል? አንዱ ደንበኛዬ ማዘርቦርዱን (እቃው ሁሉ የሚሰካበትን ቦርድ) ጥቅምት ገዛ፣ ፕሮሰሰሩን ገና፣ ራሙን ፋሲካ ላይ። ስንገጣጥመው የማዘርቦርዱ ፒን ተጣሟል፣ ሱቁ "ስድስት ወር አልፎታል ወንድሜ" አለው፣ በዛ ላይ ራሙ ከትልቅ ሰርቨር የወጣ ሬጅስተርድ የሚባለው ስለሆነ ተራ ቦርድ ላይ ጭራሽ አይነሳም። ርካሽ የሆነውም ለዛ ነበር። ዋስትናና መመለሻ ቀን የሚቆጠረው ከገዛህበት እንጂ ካበራህበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራምና ፓወር ሰፕላይ በአንድ ቀን፣ ከተቻለ ከአንድ ሱቅ፣ እዛው አስበርተህ። ብሩ አንዴ ካልሞላ ዕቁብ ግባ፣ ዕጣው ሲወጣልህ በማግስቱ ሂድ፣ ብሩ ቤትህ አይደር። ዲስክ ግን ሁለት በቂ ነው ለመነሻ፣ ሌላውን ሲሞላ ጨምር።

"ሰርቨር ማለት ያ ረጅሙ ብረት ነው፣ ያገለገለ ሲገኝ ቶሎ ውሰድ።" ያ ነገር ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚጮኸው። 150 ዋት እየወሰደ ሌት ተቀን ቢበራ በወር 108 ኪሎዋት ሰአት ነው፣ የመብራት ታሪፉ ደግሞ በተጠቀምክ ቁጥር እርከኑ ይጨምራል። ቢሮ የተጣለች ትንሽ ዴስክቶፕ በ15 ዋት አካባቢ ያንኑ ትሰራልሃለች። እንደውም ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ ስለተቋረጠ ወደ 11 የማያልፉት የ6ኛና የ7ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች ከየቢሮው እየወጡ ነው፣ ሊኑክስ ለምትጭን ሰው ምንም አይጎድላቸውም።

"አዲስ ጀነሬሽን ሊወጣ ነው።" ሁሌም ሊወጣ ነው።

"ያገለገለ ዲስክ ያው ዲስክ ነው።" የሰራበትን ሰአት ሳታይ አትክፈል፣ 50,000 ሰአት ማለት ከአምስት አመት በላይ ሳያርፍ ዞሯል ማለት ነው።

"እኛ አገር ብርድ ነው፣ ማራገቢያውን በኋላ እገዛለሁ።" ይሄን የሚለኝ ጋቢውን ተከናንቦ ስለሚቀመጥ አልፈርድበትም። ግን ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ብዙ ሰርቨርና ዲስክ ደግሞ ወረቀቱ ላይ እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው የሚሰራው ይላል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም። ማራገቢያው ከማሽኑ ጋር ይገዛ። ሸዋ ሮቢት ላላችሁትማ ምን ልንገራችሁ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለትንሽ ጊዜ የሚያቆየውን ባለባትሪ ሳጥን) አስቀድሞ መግዛትም አለ። ባትሪው ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎም ይሞታል፣ መጨረሻ ነው የሚገዛው። አንዱ "መብራቱ አያስተማምንም" ብሎ መጀመሪያ እሱን ገዝቶ አመት ሙሉ አልጋ ስር አስቀመጠው፣ ሰርቨሩ ተገጣጥሞ በሰካነው ቀን ማታ መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱ አንዴ ጮኾ አብሮት ጠፋ።