የአኳሪየም ሲክሊድ ጫጩት ዝርያው እንዴት ይለያል?

ሲክሊዶች በአፍሪካ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚበዙ የዓሣ ቤተሰብ ናቸው። ከጣና እስከ ጫሞ የሚጠመደው ቆሮሶም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በአኳሪየም ወዳዶች ዘንድ በጣም የሚታወቁት ግን የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ናቸው። ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ በሚጋሩት በዚህ ሐይቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሲክሊድ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ሌላ ቦታ አይገኙም።

ጣጣው የሚመጣው ሱቅ ውስጥ ነው። ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር የሆኑ ጫጩቶች በአንድ ገንዳ ይቀላቀሉና «የአፍሪካ ሲክሊድ» ተብለው ይሸጣሉ። ገዢው ብዙውን ጊዜ ቀለማቸውን አይቶ ይመርጣል። ለእኔ ግን ከሁሉም ምልክቶች በትንሹ መታመን ያለበት ቀለም ነው።

ኬኒ የሚባለውን እንይ። ሳይንስ በ1977 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ይህ የማላዊ ዓሣ፣ ጫጩት እያለ ሰማያዊ ነው፤ ጎኑ ላይም ጠቆር ያሉ ቋሚ መስመሮች አሉት። ሴቷ እንደዚያው ትቀራለች። ወንዱ ሲጎለምስ ቢጫ ይሆናል። አውራተስ የሚባለው ሌላው የማላዊ ሲክሊድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጫጩቶቹና ሴቶቹ ደማቅ ቢጫ ሆነው ጥቁር አግድም መስመር አላቸው። ገንዳውን የተቆጣጠረው ወንድ ግን ይጠቁራል። በሌላ ወንድ የተረታው ደግሞ የሴቷን መልክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ቢጫና ሰማያዊ ገዛሁ» ያለ ሰው ከወራት በኋላ ሰማያዊው ቢጫ፣ ቢጫው ደግሞ ጥቁር ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሁለቱም ኃይለኛ ተደባዳቢዎች በመሆናቸው፣ ሳያውቁ ከገራም ዓሦች ጋር ማኖር በጣም ያስቆጫል። ፒኮክ የሚባሉት የማላዊ ሲክሊዶች ደግሞ በልጅነታቸው ግራጫ ናቸው። የአንዱን ዝርያ ጫጩት ከሌላው መለየት ለባለሙያም ይከብዳል።

ታዲያ ምን ይታይ? መጀመሪያ ዓሣው በእርግጥ ሲክሊድ መሆኑ። አብዛኞቹ ዓሦች በአፍንጫቸው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ቀዳዳ ሲኖራቸው ሲክሊድ አንድ ብቻ አለው። ቀጥሎ የመስመሮቹ አቅጣጫ ነው፤ ቋሚ ናቸው ወይስ አግድም? እስከ ጀርባው ክንፍ ይዘልቃሉ? ዓሣው ሲደነግጥ መስመሮቹ ሊደምቁም ሊደበዝዙም ስለሚችሉ፣ ተረጋግቶ ሲዋኝ ማየት ይሻላል። ከዚያ የአፉ ቅርጽ ይታያል። አለት ላይ የበቀለ አልጌ የሚግጡት አፋቸው ወደ ታች ያዘነብላል፤ ሌላ ዓሣ የሚበሉት ሰፊ አፍና ረዘም ያለ ፊት አላቸው።

የጀርባው ክንፍ ኋለኛ ክፍል ሥር አንድ ጥቁር ነጥብ ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ቆሮሶን የሚጨምረው የሲክሊድ ወገን፣ የቲላፒያ፣ ጫጩቶች ምልክት ነው። የእኛው ቆሮሶ ሲያድግ ነጥቡ ይጠፋል፤ በጭራው ላይ ያሉት ቋሚ መስመሮች ግን ይቀራሉ። ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ሊደርስ ስለሚችል ለተራ የቤት ገንዳ አይሆንም። ኦስካር የሚባለው የአማዞን ሲክሊድም እንዲሁ ነው። ጫጩቱ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ የተጠማዘዘ መስመር ያለው ሲበዛ ቆንጆ ዓሣ ነው፤ አድጎ 30 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ግን አብረውት የነበሩትን ትንንሾች ይበላቸዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት ዲቃሎቹ ናቸው። የማላዊ ሲክሊዶች ገንዳ ውስጥ ሲቀላቀሉ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ለምሳሌ «የሎው ላብ» የሚባለው የማላዊ ዓሣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቢጫ ነው፤ በጀርባው ክንፍ ላይም ጥቁር መስመር አለው። ጥቁሩ ደብዝዞ ጎኑ ላይ ፈዛዛ ቋሚ መስመሮች ከታዩ ከሌላ ዝርያ ጋር ሳይዳቀል አልቀረም። ወላጆቹ የማይታወቁ እንዲህ ያለ ጫጩት ዲቃላ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮ ይሸጥ እንጂ የዝርያ ስም ባይሰጠው ይሻላል። ለማርባትም ባይውል ጥሩ ነው።