«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ»

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ልብ ብሎ የሚሰማ ወላጅ መደንገጡ አይቀርም። ልጅ ይጥፋ? ለዚያውም ለአንድ ቃል ሲባል? የጨካኝ ንግግር ይመስላል። ሆኖም ልጁን የማይወድ ሰው ቢናገረው ኖሮ አባባሉ ውሃ ባልቋጠረ ነበር። ልጅ በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ከሱ የሚከብድ ስለሌለ ነው። በገንዘብ ወይም በከብት ቢመዘን የቃል ክብደት አይታወቅም።

ማንም ልጁን ይሠዋ አላለም። አማርኛ እንዲህ ባለው ማጋነን ይደሰታል፤ «ይህ ከሚሆን ያ ይሁን» የሚል ሰው ያኛውን እየተመኘ አይደለም፣ ይህኛው ፈጽሞ እንዳይሆን እየማለ ነው። «የተናገሩት» እና «የወለዱት»፣ «ከሚጠፋ» እና «ይጥፋ» በጆሮ ስለሚገጥሙም አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። ደግሞም ሁለቱ ከአንድ ሰው የወጡ ናቸው፦ አንዱ ከአፉ፣ ሌላው ከአብራኩ። ልጅ በሕመም፣ በጦርነት፣ በአደጋ ሊጠፋ ይችላል። ቃልን የሚያጠፋው ግን ተናጋሪው ብቻ ነው። «ቃሉን አጠፈ»፣ «ቃሉን በላ» እንላለን፤ ማጠፍም መብላትም የባለቤቱ ሥራ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ አባባሉ ለውልና ለመሐላ ይጠቀሳል። እኔ ግን ከዚያ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። ሰው «እንዲህ ያለ ሰው ነኝ» ብሎ ለራሱ የተናገረውም ቃል ነው፤ ለታመመ ወዳጄ እደርሳለሁ፣ ሐሰት አልመሰክርም፣ ያጠፋሁትን አልክድም ያለው ሁሉ። ይህ ቃል የሚፈተነው ደግሞ ክርክር ሲገጥመው ሳይሆን ስሜት ሲገለበጥ ነው።

እስቲ ስሜታችንን የምንናገርበትን ሰዋስው እንመልከት። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ሰለቸኝ፣ አስጠላኝ። በነዚህ ግሦች ውስጥ «እኔ» አድራጊ አይደለሁም፤ አንድ ነገር ከውጭ መጥቶ ደርሶብኛል። ተናገርሁ፣ ሄድሁ፣ ቃል ገባሁ ስል ግን አድራጊው እኔው ነኝ። (ፈራሁ እና ተቆጣሁ ይህን ሥርዓት ያፈርሱብኛል፤ ሰዋስው ለኔ ማብራሪያ ተብሎ አልተሠራም።) ጭንቀት እንዳይመጣ ማዘዝ አይቻልም። ከመጣ በኋላ እግር ወዴት እንደሚሄድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ሰው በጠና ለታመመ ወዳጁ «በየሳምንቱ እመጣለሁ» አለ እንበል። ሲናገር ከልቡ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የወዳጁን የከሳ ፊት ማየት ያስፈራው ጀመር። ሆዱ ይረበሻል፤ «ዛሬ ደክሞኛል»፣ «ምናልባት ተኝቶ ይሆናል» የሚሉ ሰበቦች ይደረደራሉ። ፍርሃቱ እስኪለቀው ቢጠብቅ ላይለቀው ይችላል፣ ወዳጁም ላይቆይ ይችላል። አባባሉ ለዚህ ሰው «አትፍራ» አይለውም። ፍርሃቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ምናልባት እጁ እየተንቀጠቀጠ በሩን ያንኳኳል።

በዘመናዊው ሥነ ልቦናም ተመሳሳይ ሐሳብ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስቲቨን ሄይስ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረው ሕክምና የሚያስጨንቅ ስሜትን ከማባረር ይልቅ ቦታ ሰጥቶ ዋጋ ወደሚሰጡት ነገር መራመድን ያስተምራል። በዚህ ሕክምና የታወቀ አንድ ምሳሌ አለ፦ ሰው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ፍርሃትና ሐዘን ከኋላ የሚጮኹ ተሳፋሪዎች ናቸው። ሹፌሩ ሊያስወርዳቸው መኪናውን አቁሞ ቢጨቃጨቅ ጉዞው ይቀራል፤ ዝም እንዲሉለት ብሎ ወደጠቆሙት ቢታጠፍ ደግሞ መሪውን አስረከበ ማለት ነው። እንዲጮኹ ትቶ መንገዱን ይቀጥላል።

አባባሉ የሚያሳስትበት ቦታም አለ፤ ግትርን ያደፋፍራል። በመጽሐፍ ቅዱስ ቃል በቃል የፈጸመው ዮፍታሔ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው ከአሞን ልጆች ጋር ሊዋጋ ሲል ድል ካገኘሁ ከቤቴ ወጥቶ የሚቀበለኝን መሥዋዕት አደርጋለሁ ብሎ ተሳለ፤ ከበሮ ይዛ የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች። ልብሱን ቀደደ፣ ግን አልተመለሰም። ስለቱ የወጣው በጦርነት ዋዜማ መሆኑ ያሳስበኛል። በጭንቅ ሰዓት የተወለደ ቃል ራሱ የስሜት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ያንን መጠበቅ ስሜትን ማሸነፍ ነው ለማለት ይከብደኛል።

የሄሮድስ ደግሞ ይብሳል። በልደቱ ግብዣ ላይ የሄሮድያዳ ልጅ ጭፈራ ደስ ስላሰኘው የምትለምነውን እሰጣለሁ ብሎ ማለላት፤ የዮሐንስን ራስ በወጭት ጠየቀችው። ንጉሡ እንዳዘነ ወንጌል ይመሰክራል። ያም ሆኖ አዘዘ፤ ወንጌሉ ከመሐላው ጎን ሌላም ምክንያት ይጨምራል፦ አብረውት በማዕድ የተቀመጡ እንግዶች። ከውጭ ሲታይ ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው። የሚያየው ሰው ባይኖር ኖሮ ግን ያንን ትእዛዝ ይሰጥ ነበር?