አጃቢ ድሮን ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንድ ቀን ጠዋት ከደብረ ዘይት በኩል የጄት ድምፅ ይመጣና የኮንዶሚኒየሙ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ባለፈው እንደዚያ ሲሆን ግቢ ውስጥ ኳስ ይጫወት የነበረው የጎረቤቴ ልጅ ኳሱን በእግሩ ረግጦ አንጋጠጠና «ጋሼ፣ አሁን እኮ ጄትን ድሮን ያጅበዋል አሉ፤ ድሮኑን ማነው የሚነዳው?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን ድሮን ሲባል የምናስበው መሬት ላይ ተቀምጦ ስክሪን እያየ የሚያበረውን ሰው ነው። አጃቢ ድሮን ግን ሰው ካለበት ተዋጊ ጄት ጋር አብሮ ነው የሚበረው፤ ፓይለቱ ደግሞ የራሱን ጄት እያበረረ ሌላ አውሮፕላን መንዳት አይችልም። ስለዚህ አይነዳውም፣ ሥራ ይሰጠዋል። «ቀድመህ ሂድና ከተራራው ጀርባ ያለውን ራዳር ፈልግ» እንደማለት። መንገዱን፣ ከፍታውን፣ ከጄቱ ጋር ያለውን ርቀት ኮምፒውተሩ ራሱ ይወጣዋል።

ከዚህ ወደ ቃሊቲ በሚኒባስ ስትሄዱ ረዳቱን አስተውሉት። ሰው ሲጭን፣ ሂሳብ ሲቀበል፣ «ወራጅ አለ» ሲል ሹፌሩን አያስፈቅድም። መሪው ግን ሹፌሩ እጅ ነው። አጃቢ ድሮን «በከፊል ራሱን የሚመራ» የሚባለውም በዚህ መልኩ ነው።

ለምን አስፈለገ? አንድ ኤፍ-35 የተባለ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፣ ፓይለቱን ለማሰልጠን ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። የአሜሪካ አየር ኃይል አጃቢው ከዚያ ዋጋ ከሩብ እስከ ሲሶ እንዲሆን ነው ያቀደው። አደጋው ወዳለበት ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፤ ቢመታም የሚሞት ሰው የለም። ከእነዚህ ድሮኖች መካከል የአውስትራሊያው ጎስት ባት በ2021፣ የቱርኩ ክዝልኤልማ በ2022፣ ሁለት የአሜሪካ አየር ኃይል የሙከራ ድሮኖች ደግሞ በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ በረዋል (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)።

ልጁ ቀጠለ። «ግንኙነቱ ቢቋረጥስ?»

እዚህ ላይ ነው እኔም የምሰጋው። በጥቅምት 2024 አንድ ትልቅ የሩሲያ ድሮን፣ ኤስ-70 ኦኮትኒክ፣ ምሥራቅ ዩክሬን ላይ ወደቀ። በቪዲዮው ሁለት አውሮፕላኖች አብረው ሲበሩ ይታያል። ተንታኞች እንዳሉት ድሮኑ ከቁጥጥር ወጥቶ ስለነበር ጠላት እጅ እንዳይገባ መትቶ የጣለው አብሮት የነበረው የራሱ ወገን ጄት ነው። ወደቀ እንጂ አልተኮሰም። በሚቀጥለው ጊዜስ?

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በጥር 2023 ያደሰው መመሪያ በእንደነዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ላይ ሰው «ተገቢ የሆነ» ውሳኔ እንዲኖረው ያዛል። ቃታውን የግድ ሰው ይሳበው ግን አይልም። «ተገቢ» የምትለዋ ቃል በጣም ሰፊ ናት፤ በሰከንዶች በሚያልቅ የአየር ላይ ውጊያ ውስጥ ደግሞ ፓይለቱ «አዎ» ከማለት በቀር ለማሰብ ጊዜ ላይኖረው ይችላል። ለእኔ ያ ውሳኔ አይደለም። መተኮሱን በግልጽ ለሰው ብቻ የሚተው ሕግ ያስፈልጋል።

ልጁ ኳሱን ሊመታ እግሩን አንስቶ መለሰው። «እሺ ጋሼ፣ ድሮኑ ተሳስቶ ሰው ቢገድል ማን ይታሰራል?»

ጄኔቫ ላይ አገሮች ከ2014 ጀምሮ የሚነጋገሩት በዚሁ ነው። አስገዳጅ ስምምነት ላይ ግን አልደረሱም አልኩት።