ስታተስ ኤፒለፕቲከስ ምንድን ነው?

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ፣ አጠገቡ ያለው ሁሉ «አሁን ይለቀዋል» ብሎ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜም ይለቀዋል። መንቀጥቀጡ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ውስጥ ያበቃል፤ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል።

ካልለቀቀውስ? መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም አንዱ ቆሞ ሰውየው ሳይነቃ ሌላ ከደገመው፣ ሐኪሞች ስታተስ ኤፒለፕቲከስ ይሉታል። የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅ ሰውንም ሊይዘው ይችላል። መድኃኒት ማቋረጥ፣ የማጅራት ገትር፣ ስትሮክ፣ የደም ስኳር መውረድ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ሁሉም ያመጡታል።

ድሮ መለኪያው 30 ደቂቃ ነበር። አሁን ግን ያን ያህል የሚጠብቅ ሐኪም የለም። 5 ደቂቃ ያለፈ መንቀጥቀጥ በራሱ የመቆም ዕድሉ ትንሽ ነው፤ 30 ሲደርስ ደግሞ አንጎል ላይ የማይሽር ጉዳት ሊተው ይችላል።

ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ጋባ የሚባለው ንጥረ ነገር ለአንጎል እንደ ፍሬን ነው። መንቀጥቀጡ በቆየ ቁጥር ጋባን የሚቀበሉት ተቀባዮች ከሴሉ ገጽ ላይ ወደ ውስጥ ይገባሉ። መንቀጥቀጥን ለማቆም መጀመሪያ የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ እነ ዳያዜፓም፣ ሎራዜፓምና ሚዳዞላም፣ የሚሠሩት ደግሞ በእነዚሁ ተቀባዮች በኩል ነው። ስለዚህ ቶሎ ቢሰጥ ያቆመው የነበረ መድኃኒት፣ ሲዘገይ አቅም ያጣል።

እንግዲህ መጀመሪያ ሰዓት እዩ። በድንጋጤ ውስጥ 1 ደቂቃ 10 ይመስላልና ግምታችሁን አትመኑ። በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ካለ አላሉ። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ምላሱን አይውጥም፣ ጥርሱ ግን ሊሰበር፣ ትንፋሹም ሊታፈን ይችላል። አጥብቃችሁ አትያዙት። 5 ደቂቃ ከሞላ ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ሐኪም ለዚሁ ያዘዘው፣ በፊንጢጣ ወይም በአፍንጫ የሚሰጥ መድኃኒት እቤት ካለ ጊዜው አሁን ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ውሃ ውስጥ ከደረሰ፣ ወይም በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ ግን 5 ደቂቃውን አትጠብቁ።

ሆስፒታል ውስጥ ትንፋሹ ይጠበቃል፣ የደም ስኳሩ ይለካል፣ መድኃኒቱ በደም ሥር ይገባል። ደም ሥር ካልተገኘ ሚዳዞላም በጡንቻ ይወጋል። እዚህ ላይ በፍርሃት መጠኑን ማሳነስ ትልቅ ስህተት ነው፤ በሽተኛውን የባሰ አደጋ ላይ የሚጥለው መንቀጥቀጡ አለመቆሙ ነው። ካልቆመ እነ ሌቬቲራሲታም፣ ቫልፕሮኤት ወይም ፎስፌኒቶይን ይከተላሉ፤ እነሱም ካቃታቸው ሰመመን ይሰጠዋል።

መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውየው እየነቃ ካልመጣ ደግሞ «ተኝቷል» ብላችሁ አትተዉት። ሰውነቱ ዝም ብሎ አንጎሉ ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። አንዳንዴ የዓይን ቆብ መርገብገብ ብቻ ይታያል፣ አንዳንዴ እሱም የለም፤ ያኔ የሚለየው የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚያሳየው በኢኢጂ ምርመራ ነው።