አውቶማቲክ የጎማ እርሻ ምንድን ነው?

ኢንደስትሪያልክራፍት 2 የተባለው ሞድ (ጨዋታው ላይ ማሽኖች የሚጨምር ተቀጥላ) በተጫነበት ማይንክራፍት ብረትና መዳብ ቶሎ ይገኛል፤ ቶሎ የሚያልቀው ጎማው ነው። 1 የመዳብ ገመድ ለመሸፈን 1 ጎማ ይሄዳል፣ 1 የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት ደግሞ 6 የተሸፈኑ ገመዶች ይበላል። ማሽን ሁሉ ማለት ይቻላል ሰርኪዩት ይፈልጋል። ጎማውን ትቶ ገመዱን ራቁቱን የዘረጋ ሰው ገመዱን ሲነካው ይነዝረዋል።

አውቶማቲክ የጎማ እርሻ ማለት ይህን ጎማ ያለ ሰው እጅ የሚያመርት ሰንሰለት ነው። አንድ ማሽን ከዛፉ ሙጫውን ይቀበላል ወይም ዛፉን ይቆርጣል፣ ሁለተኛው ያንን ወደ ጎማ ይለውጣል፣ ጎማው ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል። እዚህ የምናወራው ስለ ማይንክራፍት 1.7.10 ቅጂ ነው፤ ሞዶቹም ኢንደስትሪያልክራፍት 2 ኤክስፐሪመንታልና ማይንፋክተሪ ሪሎድድ ናቸው። ቅጂው ያረጀ ነው፣ ግን የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ሳይንተፋተፍ የሚሄደው እሱ ነው። ሁለት ሦስት ልጆች በአንድ ራውተር ተገናኝተው ያለ ኢንተርኔት ጥቅል ሊጫወቱትም ይችላሉ።

በመጀመሪያ ዛፉን ማወቅ ያስፈልጋል። በከተማው ዳርቻ ግቢ የሚያጥሩበትን ቅንጭብ ሰብሮ ነጭ ወተቱ ሲፈስ ያየ ሰው የጎማ ዛፍ የሚሠራውን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። በጨዋታው ውስጥ ግን ወተቱ ከሁሉም ቦታ አይወጣም። ዛፉ ሲያድግ ከግንዱ ብሎኮች አንዳንዱ ላይ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ብርቱካናማ ነጥብ ይፈጠራል። ሙጫው የሚወጣው ከዚያ ነው። ነጥቡ ዛፉ በሚያድግባት ቅጽበት ነው የሚወሰነው፤ ካደገ በኋላ አዲስ ነጥብ አይጨመርም፣ ግንድ ቆርጦ እንደገና መደርደርም ነጥብ አያመጣም። አንዱ ዛፍ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ጭራሽ ባዶውን ያድጋል።

በእጅ ሲሠራ ከ5 ጣውላ ትሪታፕ የሚባል ማድሚያ ይሠራና ነጥቡ ላይ ቀኝ ክሊክ ይደረጋል። ከ1 እስከ 3 ሙጫ ይወጣል፣ ነጥቡም ይደርቃል። አንዱ ትሪታፕ 16 ጊዜ ካገለገለ በኋላ ይሰበራል። የደረቀው ነጥብ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይሞላል። እስኪሞላ ያልታገሠና ደረቁን ደጋግሞ የነካ ሰው ነጥቡን እስከመጨረሻው ሊያጠፋው ይችላል፤ ብሎኩ ተራ ግንድ ሆኖ ይቀራል። ዕጣን የሚያደሙ ሰዎች ዛፉን ሳያሳርፉ ደጋግመው ቢያቆስሉት እንደሚያጡት ያውቃሉ፤ እዚህም ሕጉ ያው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እርሻ የሚሠሩ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ሙጫ በተራ እቶን ሲቃጠል 1 ሙጫ 1 ጎማ ይሰጣል። ኤክስትራክተር የሚባለው የኢንደስትሪያልክራፍት ማሽን ውስጥ ሲገባ ግን 1 ሙጫ 3 ጎማ ይሆናል። የጎማ ዛፍ ግንድም ኤክስትራክተር ውስጥ ይገባል፣ ግን 1 ግንድ 1 ጎማ ብቻ ነው። እንግዲህ 6 ግንድ ያለውን ዛፍ ከሥሩ ገርስሶ የጨመረ ሰው 6 ጎማ ያገኛል። አንዱን ነጥብ አንድ ጊዜ ያደማ ሰው ደግሞ በአማካይ 2 ሙጫ፣ ማለትም ያንኑ 6 ጎማ ያገኛል፤ ዛፉም አለ፣ ነጥቡም ተመልሶ ይሞላል። 64 ገመድ ለመሸፈን 22 ሙጫ ይበቃል፤ በእቶን ከሆነ 64 ሙጫ ነው። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ ነጥብ ያለውን ዛፍ አትቁረጡ፣ አድሙት። መቁረጥ ጥቅም የሚኖረው ግንዱ ራሱ ለሌላ ነገር ሲፈለግ ነው።

የሚደማው እርሻ ልቡ ፍሩት ፒከር የሚባለው የማይንፋክተሪ ማሽን ነው። ስሙ ፍሬ ለቃሚ ይሁን እንጂ የኢንደስትሪያልክራፍትን የጎማ ዛፍ ያውቀዋል። ፊቱ ካለው 3 በ3 ቦታ ውስጥ ያሉትን ግንዶች እየፈተሸ የሞላውን ነጥብ ብቻ ያደማል፣ ደረቁን አይነካም። ሰው የማይችለው ትዕግሥት ማሽኑ አለው። ግንዶች ተጠጋግተው ቆመው ነጥቡ በጎረቤት ዛፍ ቢሸፈንም ግድ የለውም፤ በእጅ ለሚያደማ ሰው ግን ያ ነጥብ የጠፋ ያህል ነው።

ቦታውን ስታዘጋጁ 3 በ3 የሆነ አፈር ወይም ሣር ያለበት መሬት ያዙ። ከላዩ ቢያንስ 12 ብሎክ ክፍት ይሁን፣ ዛፉ ራስጌው ላይ የቅጠል ቁንጮ ያወጣልና። ብርሃኑ 9 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ቤት ውስጥ ወይም ከመሬት በታች ከሆነ ችቦ በዙሪያው ትከሉ። 9 ችግኝ ተክላችሁ አሳድጉ፤ የአጥንት ዱቄት ካለ ይፈጥናል። ከዚያ ምርጫ ይመጣል። ዛፉን በአራቱም ጎን ዞራችሁ ተመልከቱ፣ ነጥብ የሌለውን ቁረጡና በቦታው ሌላ ችግኝ ትከሉ። ሁለት ሦስት ዙር ከተመረጠ በኋላ ዘጠኙም ነጥብ ያላቸው ይሆናሉ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። 9 ነጥብ አንድ ጊዜ ሞልቶ ሲደማ በአማካይ 18 ሙጫ ነው፣ 54 ጎማ ማለት ነው።

ፍሩት ፒከሩን በችግኙ ከፍታ፣ ከአንዱ ጎን መሐል፣ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ያገኘውን የሚተፋው በጀርባው ነው። ስለዚህ ከጀርባው ሳጥን ይሁን፣ ከሳጥኑ ሥር ሆፐር (ዕቃ ከላይ ተቀብሎ ወደሚቀጥለው የሚያፈስ ብሎክ)፣ ከሆፐሩ ሥር ኤክስትራክተር፣ ከኤክስትራክተሩ ሥር ሌላ ሆፐር፣ ከዚያ ሥር የመጨረሻው ሳጥን። በአጭሩ ከማሽኑ ጀርባ 4 ብሎክ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ኤክስትራክተሩ ከላይ ይቀበላል፣ ከታች ያስረክባል፤ ሆፐሩን በጎኑ ያገናኘ ሰው ለምን እንደማይሠራ ሲፈልግ ይውላል። ማሽኑ ፊቱን ካዞረባችሁ አፍርሶ ከመትከል የማይንፋክተሪው መዶሻ፣ ፕሪሲዥን ስሌጅሃመር፣ ያዞረዋል።

ኃይሉ ሁለት ዓይነት ነው፣ መደባለቅ የለበትም። ማይንፋክተሪ ኃይሉን የሚቆጥረው አርኤፍ በሚባል መለኪያ ነው፣ ኢንደስትሪያልክራፍት ኢዩ በሚባል። ለእያንዳንዱ የየራሱን ምንጭ መስጠት ይሻላል። ለፍሩት ፒከሩ ተርማል ኤክስፓንሽን የተባለው ሞድ ካለ ከዚያ የሚገኝ አንድ ስቲም ዳይናሞ ከበቂ በላይ ነው፤ በቲክ (ጨዋታው ጊዜ የሚቆጥርበት የሴኮንድ 1/20) እስከ 80 አርኤፍ ይሰጣል፣ ከሰልና ውሃ ይፈልጋል። ኤክስትራክተሩ የሚበላው በቲክ 2 ኢዩ ብቻ ነው። ተራ ጄኔሬተር ከ1 ከሰል 4000 ኢዩ ስለሚያወጣ 1 ከሰል ቢያንስ 5 ሙጫ፣ ማለትም 15 ጎማ ያስወጣል። መሐሉ ላይ ኃይል የሚያጠራቅም ባትቦክስ ማስገባት ጥሩ ነው፤ 32 ኢዩ ነው የሚያወጣው፣ ኤክስትራክተሩም የሚችለው እስከዚያው ነው። ከባትቦክስ የበለጠ ኃይል የሚለቀው ማጠራቀሚያ፣ ኤምኤፍኢ፣ በቀጥታ የተገናኘበት ኤክስትራክተር ይፈነዳል፣ አጠገቡ ያለውን ሳጥንም ይዞ ይሄዳል።

የሚቆረጠው እርሻ በማሽን ብዛት ይበልጣል፣ በችግርም እንዲሁ። ፕላንተሩ ከመሐለኛው አፈር ሥር ይቀበራል፤ ከላዩ ባለው 3 በ3 አፈር ላይ ይተክላል። ሃርቨስተሩ በችግኙ ከፍታ ከጎን ቆሞ ይቆርጣል። ቦታውን ለማስፋት ማሻሻያ ይገባል፤ ከላፒስ የሚሠራው 5 በ5 ያደርገዋል፣ ከቲን የሚሠራው 7 በ7። ለሁለቱም ማሽኖች አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ለፕላንተሩ ቲን፣ ለሃርቨስተሩ ላፒስ የሰጠ ሰው ጥግ ላይ የሚያድጉ፣ የሚቆርጣቸው የሌለ ዛፎች ያገኛል።

ዋናው ራስ ምታት የችግኝ ማለቅ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የጨዋታው የጎማ ዛፍ ግን ከሥሩ ከተቆረጠ አለቀ፣ አዲስ ችግኝ ይፈልጋል። ችግኝ ደግሞ ከ35 ቅጠል በአማካይ 1 ነው የሚወድቀው፤ ለኦክ ከ20 ቅጠል 1 ነው። አንድ ዛፍ አንዳንዴ 3 ይሰጣል፣ አንዳንዴ ምንም። ስለዚህ ፕላንተሩ ውስጥ ቢያንስ 16 ችግኝ መጠባበቂያ ሳይኖር መጀመር የለበትም። ይህም ሆኖ ችግኙ እያነሰ ከሄደ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ሃርቨስተሩ ላይ ያለው ቅጠል የመሸለት ቁልፍ ነው። ተከፍቶ ከሆነ ማሽኑ ቅጠሉን ራሱን ስለሚወስድ ችግኝ አይወድቅም፤ ይዘጋ። ሁለተኛው የበለጠ ያታልላል፦ ኤክስትራክተሩ የጎማ ዛፍ ችግኝንም ይቀበላል፣ 1 ችግኝ 1 ጎማ አድርጎ። ከሃርቨስተሩ የወጣውን ሁሉ በአንድ ሆፐር ወደ ኤክስትራክተር የሚያፈስ እርሻ የራሱን ዘር ይበላል። ጎማው ለተወሰነ ጊዜ እየጨመረ ስለሚሄድ ማንም አይጠረጥርም፣ ፕላንተሩ ባዶ ሲሆን ነው የሚታወቀው። መፍትሔው ችግኝና ግንድ የሚለየውን ከኤክስትራክተሩ በፊት ማድረግ ነው፤ ችግኙ መጀመሪያ ወደ ፕላንተሩ ይሂድ፣ ከዚያ የተረፈው ወደ መጠባበቂያ ሳጥን።

ሌላም መደናገሪያ አለ። ማይንፋክተሪ የራሱ የጎማ ዛፍ አለው። ስሙ አንድ ነው፣ ነጥብ ግን የለውም፤ ጥሬ ጎማ የሚገኘው ግንዱ ሲቆረጥ ነው። ያ ጥሬ ጎማ እቶን ውስጥ ደጋግሞ ሲያልፍ ፕላስቲክ ይሆናል፣ የማይንፋክተሪ ማሽኖችም ያለ ፕላስቲክ አይሠሩም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት የማይንፋክተሪ ዛፎች በመጥረቢያ መቁረጥ ግድ ነው። በነገራችን ላይ ከዚሁ ሞድ ግዙፍ ዛፍ የሚያወጣ ችግኝም አለ፤ እሱን ፕላንተር ውስጥ አታስገቡት፣ እርሻውን ከነማሽኑ ይውጠዋል።

እርሻው ትክክል ተሠርቶ የማያመርት ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቸንክ ነው። ዓለሙ 16 በ16 ብሎክ በሆኑ ክፍሎች ተከፍሎ ነው የሚሠራው፣ ተጫዋች የራቀው ክፍል ይተኛል። ዛፍ አያድግም፣ ነጥብም አይሞላም። ማይንፋክተሪ ቸንክ የሚያነቃ ማሽን አለው፤ እሱ ከሌለ እርሻውን ሁልጊዜ ከምትሠሩበት ቤት አጠገብ አድርጉት። በአንድ ራውተር ተገናኝቶ ለሚጫወት ቡድን ደግሞ ዓለሙ ያለው በከፈተው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እሱ ዘግቶ እራት ሲሄድ የሁሉም ዛፍ ይቆማል።

መብራት በድንገት ለሚሄድበት ሰፈር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በ1.7.10 ዓለሙ በየ900 ቲክ፣ ማለትም በየ45 ሴኮንዱ ይቀመጣል፤ መሐል ላይ የተሠራው ይጠፋል። ይህ ቀላሉ ነው። የከፋው እርሻው በሁለት ቸንክ ድንበር ላይ ሲቀመጥ ነው። አንዱ ቸንክ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ መብራት ከሄደ፣ በሆፐር ድንበር እያቋረጠ የነበረ ዕቃ ወይ ይጠፋል ወይ ሁለት ይሆናል። ድንበሩን ለማወቅ ኤፍ3ን ተጫኑ፣ የቆማችሁበት ቦታ ቁጥሮች፣ ኤክስና ዜድ፣ ይታያሉ፤ ቸንክ የሚጀምረው ለ16 በሚካፈል ቁጥር ነው። ለምሳሌ ኤክስ ከ32 እስከ 47፣ ዜድም ከ0 እስከ 15 ያለው ቦታ አንድ ቸንክ ነው። 9 ዛፍ፣ ፒከር፣ ጉድጓዱና ጄኔሬተሩ በዚያ ውስጥ ተመችተው ይገባሉ። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ የታችኛውን ሳጥን ሳይሆን የላይኛውን ሆፐር ክፈቱ፤ ሙጫ ተከምሮበት ኤክስትራክተሩ ቀስቱን ካላንቀሳቀሰ ባትቦክሱ ባዶ ነው፣ ጄኔሬተሩም ከሰል ጨርሷል።